የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ወጪን መቀነሻ መንገድ (ባሕር ዳርና ዘጌ)

የቡና አገር፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላች በኋላ በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይወጋታል። ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል ክሊኒክ በአልትራሳውንድ አይቶ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ነው፣ መውጣት አለበት ብሏል። የተጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ አላት፣ የዘንድሮው ግን አልታደሰም። በመድን መታከም ትችላለች? ካልሆነስ ወጪውን የሚያግዝ አካል አለ? የምታውቁ እባካችሁ።

የመድን ዴስክ፦
እግዚአብሔር ይማራቸው። ከመድኑ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ሕመሙ ለሰዓታት የማይለቅ ከሆነ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ይህ ድንገተኛ ነው። ጤና ጣቢያም ሪፈርም ሳትጠብቁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ገንዘብ የለም ተብሎ ድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም። ሂሳቡ በኋላ ይታያል፣ የመድኑም ወረቀት በኋላ ይሟላል።

ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ በሽታው ስለከበደ አይደለም።

መጀመሪያ እድሳቱ። የቀድሞውን መታወቂያ ይዛችሁ ቀበሌ ወይም መድኑን የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ምዝገባና እድሳት በየዓመቱ የተወሰነ ወቅት አለው። ወቅቱ ካለፈ ወይም ክፍያ ካቋረጣችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚሰራልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑም መታወቂያው ላይ ይጻፍላችሁ። ጠዋት ከፍሎ ከሰዓት ሆስፒታል የሚሄድ ብዙ ነው፣ ካርድ ክፍል ሲደርስ ይመለሳል።

ቀጥሎ ዘጌ ጤና ጣቢያ። እዚያ ታይተው ሪፈር ይጻፍላቸው። ወረቀቱን ከእጃችሁ ሳታስወጡ ሙሉ ስም፣ የመድን መታወቂያ ቁጥር፣ የምርመራው ውጤት፣ የሐኪሙ ፊርማና ክብ ማኅተም መኖሩን አረጋግጡ። ማኅተሙ ከሌለ ወይም ቁጥሩ አንድ አሐዝ ከተሳሳተ ተመልሳችሁ ዘጌ ነው፣ ጀልባውም መኪናውም ሌላ ወጪ ነው። የክሊኒኩ ምርመራ ሪፈር አይተካም፣ እንደ ማስረጃ ግን ይጠቅማል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ካርድ ከመውጣቱ በፊት መታወቂያውንና ሪፈሩን አንድ ላይ አሳዩ። አንዴ «ከፋይ» ተብሎ ካርድ ከወጣ በኋላ ወደ መድን ማዞር አስቸጋሪ ነው። የሆስፒታሉ የግል ክንፍ ደግሞ በመድን አይሸፈንም። ያው ሐኪም ስለሆነ ብቻ ማታ ማታ ወደዚያ የሚሄዱ አሉ፤ ገንዘብ ካላችሁ ቶሎ መታየቱ ጥሩ ነው፣ ከሌላችሁ ግን የመደበኛውን ቀጠሮ ያዙ።

ከቀዶ ሕክምና ክፍል፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ከሕክምናው በኩል ልጨምር።

ጠጠር መኖሩ ብቻ ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስገድድም። ምንም ምልክት ሳይሰጥ በሌላ ምርመራ መሃል በአጋጣሚ የተገኘ ከሆነ ብዙ ጊዜ እየተከታተሉ መተው ይቻላል። የእናትህ ግን በምግብ የሚቀሰቀስ ሕመም ስላለው ቢሰራ ይሻላል። እስከዚያው ቅባት፣ ጥብስና ቂቤ የበዛበት ወጥ ይቀንሱ።

የአልትራሳውንዱን ውጤት ሪፖርቱንም ምስሉንም ከክሊኒኩ ተቀበሉ፣ ለከፈላችሁበት የእናንተ ነው። ቅርብ ጊዜ የተነሳና ግልጽ ከሆነ ሐኪሙ እንደገና ላያዝዝ ይችላል። የደም ምርመራውም እንዲሁ፤ ቀኑ ሲቆይ ግን ይደገማል።

በግል ልታሠሩ ካሰባችሁ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ዝርዝር ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ጠይቁ። አንድ ድምር ቁጥር አትቀበሉ። የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣው ክፍያ፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ አልጋው በሌሊት ስንት እንደሆነ፣ መድኃኒትና ስፌቱ፣ የወጣው ከረጢት ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ሲላክ የሚከፈለው ሁሉ ለየብቻ ይጻፍ። «ጥቅል ዋጋ ነው» ከተባለ ተጨማሪ ሌሊት ቢያድሩ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ሂሳቡ የሚያብጠው በዚያ በኩል ነው። በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ የሚሠራ) ከሆነ ብዙ ጊዜ በቶሎ ከአልጋ ይነሳሉ፣ መሣሪያው ግን ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ሁለቱንም ዋጋ አስጽፋችሁ አወዳድሩ።

ደም ቢያስፈልግ በገንዘብ አይሸጥም። የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ ለሆስፒታሉ አሳውቁ።

ፋርማሲስቱ፦
መድን ያላቸው ሰዎች ከኪሳቸው በብዛት የሚያወጡት ለመድኃኒት ነው። ስለዚህ ይህን በደንብ ያዙ። ሆስፒታሉ ውስጥ የታዘዘው መድኃኒት ከሌለ ወረቀቱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ከተማ አትውጡ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ወረቀቱ ላይ «የለም» ብሎ ይፈርምበት፣ ማኅተም ይምታበት። መድን ጽሕፈት ቤቱ ውል ያሰረበት መድኃኒት ቤት ካለ የት እንደሆነ እዚያው ይጠየቃል። ከሌላ ቦታ ከገዛችሁ ደግሞ በታካሚው ስም የተጻፈ ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ማኅተም የሌለበት ማዘዣ ወይም ተራ ወረቀት ላይ የተጻፈ ዋጋ ገንዘብ አያስመልስም። ኮፒ አስቀሩ፣ ዋናውን ስታስረክቡ ፊርማ ተቀበሉ።

በኪሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ሐኪሙ በጄኔሪክ ስም፣ ማለትም በፋብሪካው መጠሪያ ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም እንዲጽፍ ጠይቁ። ለምሳሌ የደም ግፊቱን አምሎዲፒን ወይም የስኳሩን ሜትፎርሚን ብሎ ከጻፈ፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ሆኖ ዋጋው የሚያንሰውን መምረጥ ይቻላል። ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤትና የሆስፒታሎቹ ፋርማሲዎች መጀመሪያ የሚጠየቁ ናቸው። ያዘዘውን ሐኪም ሳታማክሩ ግን መጠን አትቀንሱ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ግማሹን ገዝታችሁ አትተውት።

የቡና አገር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፣ በእሷው መታወቂያ ይታከማል?

የመድን ዴስክ፦
አይ፣ በቤተሰቡ መዋጮ የሚካተቱት ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ለእሱ ተጨማሪ ይከፈላል። እድሳቱ ላይ አብራችሁ ጨርሱት።

ባጃጅ ፌርማታ፦
ጣልቃ ልግባ። በባጃጅ ለተገጨ ሰውም መድኑ ይሠራል?

የመድን ዴስክ፦
የትራፊክ አደጋ በማኅበረሰብ መድን አይሸፈንም፣ ምክንያቱም ተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የድንገተኛ ሕክምናውን በዚያ በኩል ያስኬደዋል። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳና የመድን ስቲከሩ ቁጥር በዚያው ቀን ይያዝ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ከሆነ ወደ መንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው የሚኬደው።

የቀበሌ ማኅበራዊ፦
«የሚያግዝ አካል አለ?» ለተባለው። ቤተሰቡ መዋጮውን መክፈል የማይችል ከሆነ መንግሥት የሚከፍልላቸው አባላት አሉ። ምርጫው የሚካሄደው በቀበሌው ነዋሪ ፊት ስለሆነ ወቅቱ ሳያልፍ ስም ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የታመመ ሰው ይዞ የመጣን ቤተሰብ በአንድ ቀን ማስገባት ግን አይቻልም፣ ሰው ይህን ባለማወቁ ብዙ ይንገላታል።

አንዳንድ ሕክምና ደግሞ ከመነሻውም በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው፦ ወሊድና የእርግዝና ክትትል፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ ክትባት። የፊስቱላ ታካሚዎች በባሕር ዳር ሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነጻ ይታከማሉ። በትራኮማ ምክንያት ወደ ዓይን ለታጠፈ ፀጉር የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም ያለ ክፍያ ይሠራል። ለእነዚህ ከፍሎ ግል ቤት የሚታከም ዘመድ ካላችሁ ንገሩት።

ለእናንተ ጉዳይ ሕዝብን እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። መድኑ ከተስተካከለ የሚቀረው መጓጓዣ፣ የአስታማሚ ምግብና ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ለዚያ እቁብ ካላችሁ ሰብሳቢውን ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ለሕመም ብዙ እቁብ ይፈቅዳል። አንዳንድ እድርም ለታመመ አባል የሚሰጥ ደንብ አለው፤ መተዳደሪያውን አስነብቡ። ለከባድ ሕክምና ገንዘብ መሰብሰብ ግድ ከሆነ ግን የሆስፒታሉ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሦስት ሰው በጣምራ የሚፈርምበት ዝግ ሂሳብ ይኑር። በአንድ ሰው ስልክ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሰጪውንም ታካሚውንም ያጣላል።

የቡና አገር፦
ሰኞ እድሳቱን እጠይቃለሁ። ሪፈሩ ለየትኛው ሆስፒታል ቢጻፍ ይሻላል?

የመድን ዴስክ፦
ጤና ጣቢያው የራሱ የሪፈር መስመር አለው፣ እሱን ተከተሉ። ምናልባት መጀመሪያ አዲስ ዓለም ሆስፒታል ይልኳችሁ ይሆናል፤ ያንን ዘላችሁ ወደ ላይኛው ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትላኩ የሊያዞን ቢሮው (የሆስፒታሉ የታካሚ ቅብብል ክፍል) አስቀድሞ ደውሎ የአልጋና የቀዶ ሕክምና ተራ እንዲያጣራ ጠይቁ። ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ስለሆነ ከመርከብ ማቆሚያው ይርቃል፣ እዚያ ከተላካችሁ ምርመራውና ቀጠሮው በአንድ ቀን እንዲሆንላችሁ ለምኑ።