እንጆሪዬ ሐረግ እንጂ ፍሬ አልሰጥ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። መስከረም ላይ አንድ ዘመዴ ከሆለታ 12 የእንጆሪ ችግኝ አመጣልኝ። ከደጋ መጥተው የአዳማን ሙቀት ይችሉት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ፣ የችግኙን እምብርት፣ ማለትም ቅጠሎቹ የሚወጡበትን መሃል፣ አፈር እንዳይውጠው ተጠንቅቄ ተከልኩ። ተመስገን፣ ሁሉም ጸደቁ።

ከዚያ በኋላ ግን ግራ ገባኝ። ሐረጉ በየአቅጣጫው ይሮጣል፤ አበባው ጥቂት ነው። ሐረግ የእናቱን ጉልበት እንደሚበላ ስለማውቅ ከግማሾቹ ላይ ቆረጥኩ። የቀሩትን አዲስ ችግኝ ይሆናሉ ብዬ ስለሳሳሁላቸው ተውኳቸው። ሁሉንም ልቁረጥ? ወይስ ችግሩ ሙቀቱ ነው፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ላድርግላቸው?

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ቅጠሉ ነው። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ነው። ይህ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት ምልክት ነው። እንጆሪ ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ የኛ አፈር ወይም ውሃ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ሆኖ ይሆን? ለቤት ጓሮ የሚሆን ቀላል መፍትሔ የሞከረ አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። እንጆሪ ከተቀጠፈ በኋላ እንደ ሙዝ አይበስልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ እጠብቃለሁ፤ ወፎቹ ግን ይቀድሙኛል። ልጄ በየጠዋቱ ሮጣ ታያቸዋለች፣ የምታገኘው ግማሹ የተበላ ፍሬ ነው። ከስር የጤፍ ጭድ አንጥፌያለሁ። ከላይ መረብ ልዘርጋ ብል፣ ንቦቹ አበባው ጋ እንዳይደርሱ እከለክላቸው ይሆን?

አዳማም ሆነ ሌላ ሞቃት ቦታ ያመረታችሁ፣ እባካችሁ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።