የ«አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህን» ዕቅድ፦ እስከ ሰኔ 12 ሐሳባችሁን ጣሉ

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)፣ ሰኔ 3
በውሻና ድመት ባለቤቶች ማኅበራችን ስብሰባ የተባባልነውን እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ ኋላ «እኔ አልነበርኩም» እንዳይመጣ። ባለ 48 ገጽ መጽሔት እናሳትማለን። እያንዳንዱ አባል ቤቱ የሚወደድ አንድ ምግብ ከነአሠራሩ ጽፎ ይሰጣል። በግራ ገጽ የባለቤቱ ሳህን፣ በቀኝ ገጽ የውሻው ወይም የድመቱ። ሁለቱም አብረው ፎቶ ይነሳሉ። የሽያጩ ገንዘብ የሰፈሩን ባለቤት አልባ ውሾች ለእብድ ውሻ በሽታ ለማስከተብ ነው። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። የ2019ኙ ሰኞ ይውላል። ለዚያ እንድረስ ነው ሐሳቡ። ናሙና ገጽ አያይዣለሁ፤ እኔና ቡቺ ነን፣ የፋሲካ ለት የተነሳነው።

ገንዘብ ያዥ
ካዝናው ውስጥ ያለው 41,300 ብር ነው። ማተሚያ ቤቱ ለ200 ቅጂ፣ በአንዱ 340 ብር ጠይቋል። 68,000 ማለት ነው። የጎደለው 26,700። 38 ነን፣ በነፍስ ወከፍ 700 ገደማ ይደርሰናል። ስለ ቲሸርቱ ማንም እንዳያነሳብኝ።

የአንበሶ አባት
ቲሸርቱ ግን 60ው አሁንም እኔ ጋራዥ ነው ያለው። አንበሶ እየተኛበት ነው። ሁሉም ኤክስ ኤል።

ሐኪሙ
ናሙናውን አየሁት። የቀኝ ገጹ «ለቡቺ፦ የተረፈ ዶሮ ወጥ፣ በእንጀራ ተፈትፍቶ፣ ከነአጥንቱ» ይላል። ይሄ እንዲህ ከታተመ የእኔ ስም እንዳይገባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢቀቀልም ቢቁላላም ያው ነው። ለውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ይጎዳዋል። ድመት ላይ 5 ግራም ይበቃል። ምልክቱ ደግሞ በዕለቱ አይታይም። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ያኔ ታቅፋችሁት ትመጣላችሁ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እንደ ስንጥር ነው፣ አንጀት ይበሳል።

ችግራችን የሐበሻ ወጥ በሽንኩርት መጀመሩ ነው። «ቅመሙ ሳይገባ ቀንሱለት» እንዳልል ከሽንኩርቱ በፊት ድስቱ ባዶ ነው። አንድ ድስት የሚያስኬደን ለቅንጬ፣ ለአጃ፣ ለዱባ፣ ለቅቅልና ለእንቁላል ብቻ ነው። ዕቅዱን በዚህ አስተካክሉት።

የጃክ አባት
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ፎቶው ላይ ከቡቺ ጀርባ የሚታየው ሞሰብ ነው?

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
አዎ ጋሼ፣ ሞሰብ ነው።

የጃክ አባት
ውሻ ሞሰብ አጠገብ አስቀምጣችሁ ነው በማኅበሩ ስም የምትሸጡት? ሞሰብ እህል የሚከበርበት ዕቃ ነው። ይሄን ያየ ዘመድ ሁለተኛ ቤታችን አይበላም። ደግሞ በሰኔ ጾም ዶሮ ወጥ!

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
የፋሲካ ነው ብያለሁ እኮ። ሞሰቡም ባዶ ነው፣ ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

የሬክስ ወንድም
ጋሼ ያው ፎቶ ነው። በነገራችን ላይ ፎቶውን ሁሉ በነጻ አነሳለሁ፤ ካሜራም መብራትም አለኝ። እሁድ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ሁላችሁም እንስሳችሁን አጥባችሁ አምጡ። ጣጣ የለውም።

ገንዘብ ያዥ
ተመስገን። የፎቶ ወጪ ሰረዝኩ።

የጃክ አባት
ባዶ ከሆነ ክዳኑ ለምን ተከፈተ?

የአንበሶ አባት
😂 ጋሼ በዚህ ዓይንዎ መነጽር ለምን ገዙ?

የጃክ አባት
ቀልድ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውሻው አፉን ከፍቶ፣ መካከላቸው አንድ ክንድ የለም።

የሚሚ እናት
እኔ እንኳ ድመት ነው ያለኝ። ግን ጋሼ ያሉትን ቀለል አታድርጉት። እኛ ቤት ድመት ዕቃ ብትነካ ማንም ምንም አይልም፤ ውሻ የላሰውን ሳህን ግን እናቴ ሰባት ጊዜ ነው የምታጥበው። እህቴ ይሄን መጽሔት ካልገዛች እኔ 20 ቅጂ ለማን ልሸጥ ነው? «ሁለት ሳህን» ካላችሁ ሁለቱ ሳህኖች በፎቶው ተራርቀው ይታዩ።

የሬክስ ወንድም
ስንት ሜትር?

የሚሚ እናት
እኔ ምን አውቄ። ሁለት?

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
በሁለት ሜትር ርቀት «አብሮ የተነሳ ፎቶ» የሚባል ነገር የለም። እሱ የመታወቂያ ፎቶ ነው።

ሐኪሙ
የሽንኩርቱን ነገር ያነበበ አለ?

የጃክ አባት
አንብበናል ዶክተር። መጀመሪያ የሞሰቡ ይለቅ።

ሰኔ 5

የአንበሶ አባት
ይቅርታ አድርጉልኝና ጋሼ፣ ጥር ላይ ጃክን ሶፋ ላይ፣ ጋቢ አልብሰው ፎቶ የለጠፉት እርስዎ አይደሉም?

የጃክ አባት
ሶፋ ሞሰብ አይደለም።

የአንበሶ አባት
ጋቢውስ?

የጃክ አባት
አሮጌ ጋቢ ነው። እናንተ ልጆች ነገር ማጣመም ስትወዱ። እኔ ከዚህ ማኅበር የወጣሁ ቀን ባዛሩ ላይ ድንኳን የሚያውሳችሁን እናያለን።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ድንኳኑ የዕድሩ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ
ኧረ በሕግ። ድንኳኑ ላይ እንዳትደርሱብኝ፤ ኪራይ ከገባንበት 4 ሺህ ብር ሌላ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ እንደገና ይነሳ፣ በቃ።

የሎላ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ነው? እናንተ ስትተኙ ነው የማነበው። እኔ እዚህ ለሎላ በየእሁዱ ነው የማበስለው። የእናንተ ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ 100 ቅጂ ይወስዳሉ፣ በአንዱ 15 ዶላር። ክዳኑ ግን ክፍት ቢሆን ይሻላል፤ የውስጡ ስፌት ነው የሚያምረው።

የጃክ አባት
አንቺ ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆነሽ።

የሬክስ ወንድም
ድምፅ እንስጥ። ሀ) ክዳን ዝግ፣ ለ) ክዳን ክፍት፣ ሐ) ሞሰቡ ይውጣ።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ውጤት፦ ዝግ 9፣ ክፍት 4፣ ይውጣ 11። ድምፅ የሰጠው 24 ሰው ነው። ለምግብ አሠራሩ ግን እስከ አሁን የላከ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታሪክ ይመዝግበው።

የሚሚ እናት
እሱም የላከው ለዶክተሩ ተብሎ ነው።

ሐኪሙ
አዎ፣ የአንበሶ አባት ነው የላከው፣ ጥሩ ነው። እዚህ ልለጥፈው፣ ለሌላው ናሙና ይሁን፦

«ግማሽ ኪሎ ሳንባ ከሥጋ ቤት፣ አንድ ብርጭቆ ሩዝ፣ አንድ ቁራጭ ዱባ፣ ሁለት ካሮት። ሳንባው መጀመሪያ ይቆረጣል፤ ሳይቆረጥ ከተቀቀለ እየተንሳፈፈ ክዳኑን ያነሳል። አረፋው ይገፈፋል። ጨው የለም፣ ዘይት የለም። ሩዙ ሲገባ ዱባውም አብሮ ይገባል፤ ቀልጦ መረቁን ቢጫ ያደርገዋል። አንበሶ የሚነሳው ዱባው ሲሸት ነው። ለእኔ ከዱባው ግማሹን አስቀድሜ አወጣና በሌላ ድስት፣ በሽንኩርትና በበርበሬ የዱባ ወጥ።»

ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። ሳንባው ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ለውሻ አትስጡ፣ ይቀበር ወይ ይቃጠል። ከዚያ የሚመጣው የውሻ ኮሶ ትል በእንቁላሉ ወደ ሰው ይዞራል፣ ጉበትና ሳንባ ላይ ይቋጠራል። ጤነኛውም ቢሆን ይቀቀል እንጂ ጥሬውን አይወርወር። ሁለተኛ፣ ይሄ ምግብ ካልሲየም የለውም። በየቀኑ የሚበላ ከሆነ የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ ፍጩበት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄቱ ወደ 2 ግራም ካልሲየም አለው። መጠኑን እንደ ውሻው ክብደት እነግራችኋለሁ።

የሚሚ እናት
ለድመትስ?

ሐኪሙ
ድመት ሥጋ ካላገኘች አትኖርም። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ከእንስሳ ሥጋ ነው የሚገኘው፤ ከጎደላት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። የዶሮ ልብ ስጫት። ወተቱን ተዪው፣ አብዛኞቹን ያስቀምጣቸዋል።

የሚሚ እናት
ሁዳዴ 55 ቀን ጎረቤቶቼ ድመታቸውን ሽሮ ነው የሚያበሏት። አሁን ገባኝ እኛ ቤት ለምን እንደምትውል።

የጃክ አባት
ሽሮ ላይም ነጭ ሽንኩርት አለ እኮ። ጃክ ስንት ዓመት ሽሮ በላ! ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም ዶክተር?

ሐኪሙ
ሰኔ 3 ነግሬያችሁ ነበር። ሞሰቡ ይለቅ አላችሁ።

ሰኔ 9

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
እሁድ ከ4 ሰዓት ጀምሮ 14 ሰው 14 እንስሳ ይዞ ሜዳው ላይ ቆሞ ዋለ። ፎቶ አንሺ የለም። የሬክስ ወንድም፣ ስልክህ ዝግ ነው። ቡቺን ለዚህ ብዬ በሻምፖ አጥቤያት፣ ጭቃ ላይ ተንከባልላ ነው የተመለሰችው።

የአንበሶ አባት
ካሜራው የአጎቱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰርግ ይዞት ሄዶ ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ
የፎቶ ወጪ ተመለሰ።

የጃክ አባት
ያኔ የተናገርኩትን አንሺልኝ፣ የቡቺ እናት። የድንኳኑን ማለቴ ነው። ያ ሞሰብ የእናቴን ሞሰብ ቁጭ ነው። ቀይና አረንጓዴው፣ ከላይ ቆዳው እንኳ በዚያው በኩል የተቀደደ። ደሴ ነው የቀረው። እሷ ውሻ ከግቢ በር አታሳልፍም ነበር። አጥር ሥር በገል ነበር የሚበላው። እኔ አሁን ጃክን አልጋ ላይ አስተኝቼ ስለ ሞሰብ ማውራቴ ለእናንተ ሊያስቅ ይችላል።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
አላስቀኝም ጋሼ። ሞሰቡ የአያቴ ነው። እሷም ብታይ ትቆጣ ነበር። አውጥቼዋለሁ።

የአንበሶ አባት
እሺ ጋሼ፣ የጋቢውን እኔም አነሳሁ።

የሎላ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
100ውን አስቤበት ነበር፣ የመላኪያው ዋጋ ከመጽሔቱ ይበልጣል። በስልክ የሚነበብ አድርጉት። እመለሳለሁ።

ገንዘብ ያዥ
በስልክ ከሆነ ማን ይከፍላል? አንዱ ገዝቶ ለሃምሳው ነው የሚልክ። ሒሳቡን ልንገራችሁ። አሠራር የላከ 3 ሰው። መዋጮ የከፈለ 6 ሰው። 48 ገጽ በምን ይሞላል? ማተሚያ ቤቱ የግድግዳ ካላንደር በአንዱ 180 ይሠራልናል፤ 200ው 36,000፣ ካዝናው ይችለዋል፣ መዋጮ አያስፈልግም። 13 ወር፣ 13 እንስሳ። የካላንደር ገበያው ደግሞ አሁን ነው፤ ከነሐሴ በፊት ከወጣ ይሸጣል።

የአንበሶ አባት
በዚህስ እስማማለሁ። ካላንደር እኮ ማንም ሰው ይገዛል፣ ውሻ የሌለውም።

የጃክ አባት
ካላንደር ላይ ሞሰብ አያስፈልግም።

ሐኪሙ
ምግቡስ?

ገንዘብ ያዥ
ከወሩ ሥር አንድ አንድ መስመር። ወይም መጨረሻው ገጽ ላይ «ለውሻ የማይሰጡ» ተብሎ በትንሹ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ የበሰለ አጥንት። ትክክል ነው ዶክተር?

ሐኪሙ
ትክክል ነው። ግን ለአንድ ወር የተከራከርንበት ነገር ስድስት ቃል ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ስድስት ቀን ነው የተከራከርነው ዶክተር፣ አንድ ወር የመሰለዎት በሞሰቡ ነው። እሺ፣ ድምፅ ልውሰድ፦ ካላንደር የሚል?

የአንበሶ አባት
ካላንደር። ፎቶውን ደግሞ እያንዳንዱ በስልኩ ያንሳ።

የጃክ አባት
ካላንደር። ጃክ መስከረም ላይ ይሁን።

የአንበሶ አባት
መስከረም እኮ የሁሉም ዓይን የሚያርፍበት ነው ጋሼ። ስሙ አንበሶ የሆነ ውሻ እያለ?

የጃክ አባት
ዕድሜ ይቀድማል። ጃክ 13 ዓመቱ ነው። የሚቀጥለውን መስከረም እንኳ ያያል አይባልም።

የአንበሶ አባት
እንግዲህ እንዲህ ከተባለ ምን እላለሁ። መስከረም የጃክ። እኔ ጥር እወስዳለሁ፣ ጥምቀት አለበት።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ቡቺ ሚያዝያ፣ ከፋሲካው ጋር። አትንኩብኝ።

ሐኪሙ
የክትባቱ ቀን መስከረም 18 መሆኑ አልተቀየረም ብዬ ልያዝ? አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ካልተከተቡ በሽታው አይቆምም። ለሰፈራችን ስንት ብልቃጥ እንደምንገዛ ከአሁኑ ማወቅ አለብኝ።

የአንበሶ አባት
ሰኞ ማን ይመጣል? ወደ ቅዳሜ ይምጣ።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ቅዳሜ ደመራ ነው፣ እሁድ መስቀል።

የአንበሶ አባት
እንግዲያው ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን።

ሐኪሙ
ብሩስ? 36,000ው ከክትባቱ ካዝና ላይ ነው የሚወጣው። ካላንደሩ ካልተሸጠ የሚቀረን 5,300 ነው።

የሚሚ እናት
ቆይ ቆይ። ዝርዝሩን አሁን አየሁት። ሚሚን ጳጉሜ ላይ ያደረጋት ማነው? ብቸኛዋን ድመት አምስት ቀን?

ገንዘብ ያዥ
የ2019 ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ዘመነ ሉቃስ ነው።

የሚሚ እናት
አልቀበልም። ወይ ታኅሣሥ ወይ ከማኅበሩ እወጣለሁ። ድምፅ ይሰጥበት።

ፀሐፊ (የቡቺ እናት)
ሀ) ሚሚ ጳጉሜ፣ ለ) ሚሚ ታኅሣሥ። እስከ ዓርብ።