እናት ስትሄድ ልጁን ማን ይፈርምለት? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊዋ፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም እህቶች። ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር ስለሚሄዱ እናቶች ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምናስገባው ሐሳብ እስከ እሁድ ማለቅ አለበት። ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት መነጠቅ ብዙ ተጽፏል፣ ልክ ነው፣ ሌሎችም እየጮሁበት ነው። እኔ ግን ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንሂድ ባይ ነኝ፤ እዚህ የቀረው ልጅ። ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት አለብሽ፣ የብቃት ማረጋገጫ አለ፣ የጤና ምርመራ አለ። ልጅሽን ማን ይይዝልሻል ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።

ከሪያድ ተመላሽ፦
እኔ ስሄድ ልጄ ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ጡት ያስጣልኳት በዚያው ሳምንት ነው። የሁለት ዓመቱ ኮንትራት ሲያልቅ ማዳም አንድ ዓመት ጨምሪልኝ አለችኝ፣ ለቤት ኪራዩ ብዬ ጨመርኩ። ስመጣ ልጄ እናቴን «እማ» ትላለች፣ እኔን ደግሞ ከበር ጀርባ ሆና ታየኛለች። ስልኬን ማዳም ነበረች የምትይዘው፤ ልጄን በኢሞ የማገኛት አርብ ጠዋት ብቻ ነው፣ እሱንም ማዳም ደስ ሲላት። አርብ ደግሞ ከፍ ላሉት ልጆች የትምህርት ቀን ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ይጻፍልን፤ በሳምንት ሁለት ማታ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

አያት፣ ኮምቦልቻ፦
የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ሁለት የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። ብሩን ልጄ ትልካለች፣ አላሳፈረችኝም። የቸገረኝ ወረቀቱ ነው። ትምህርት ቤት ልቀይረው ስል እናት ወይ አባት አምጪ አሉኝ። አባቱ ያለበትን አላውቅም። ጥር ላይ እጁ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ስወስደው ደግሞ ለቀዶ ሕክምናው ማን ይፈርማል ተባለ። አያቱ ነኝ ብል ማን ይስማኝ! ልጁ እያለቀሰ እኔ ሰው ስለምን ዋልኩ።

ጸሐፊዋ፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ደብዳቤው በዚህ ነው የሚጀምረው። እናትየው ከመሄዷ በፊት ለምታምነው ሰው ለትምህርትና ለሕክምና ውክልና ትስጥ። ይህንንም በጉዞ ገለጻው ላይ ይንገሯት፣ ክፍያውም ይነሳላት። ቅጹ ላይ «ልጅ አለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ ብናስገባስ?

ከቤሩት፦
እሱን እባካችሁ አታስገቡ። ኤጀንሲው ልጅ የሌላትን ይመርጣል፣ እናቶችም መዋሸት ይጀምራሉ። ከ2006 እስከ 2010 ጉዞው ታግዶ በነበረ ጊዜ ሴቱ መቼ ቀረ? እኔ ራሴ በደላላ በመተማ አድርጌ በሱዳን ነው የወጣሁት፣ ልጄ ያለሁበትን ሳያውቅ ሰባት ወር ቆየ፣ ሞታለች ተብሎ ሊለቀስልኝ ነበር። ውክልናው መብት ይሁን፣ የመሄጃ መስፈርት አይሁን። ከሄድን በኋላም ቆንስላ ላይ እንድንሰጥ ይመቻችልን፣ ግን ብዙዎቻችን ከቤት መውጣት አይፈቀድልንም፤ አሠሪው ለዚህ አንድ ቀን እንዲፈቅድ ውሉ ላይ ይግባ። እዚህ ተወልደው ወረቀት ስላጡት ልጆች ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከዚህ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጸሐፊዋ፦
ተቀብያለሁ፣ የቅጹን ጥያቄ አውጥቻለሁ። «ማንኛዋም እናት ልጅ ስላላት ከጉዞ አትከለከልም» የሚለውን መጀመሪያው ገጽ ላይ አስገባለሁ። የሪያዷ እህቴ፣ የስልኩን አንቀጽ አንቺ ጻፊልኝ። እማማ፣ ትምህርት ቤቱ የጠየቀዎትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልን፣ የልጁን ስም ግን ይሸፍኑት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሙሉውን እለጥፋለሁ።