የማሪ ኩሪን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ፓሪስ የመጣሁት የሳይንስ ታሪክ ለመማር ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በሳይንቲስቷ በማሪ ኩሪ ላይ ነው። እሷም በ1891 እ.ኤ.አ. ከዋርሶ እዚሁ ለትምህርት የመጣች ባዕድ ነበረች፤ የመረጥኳትም ለዚህ ነው።

የላብራቶሪ ደብተሮቿ ዛሬም ጨረር ስላላቸው በእርሳስ ብረት በተለበጠ ሣጥን ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ የምሠራው በቅጂ ነው። ፈረንሳይኛዬ ለመግባባት አያንስም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን አሰቃየኝ። ትናንት አንዲት ቃል ላይ ሁለት ሰዓት ቆይቼ «ፒችብሌንድ» ሆና አገኘኋት፤ ራዲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያወጡበት ማዕድን! አንዳንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ባሏ ፒየርም ይጽፋል። የቱ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

የድሮ የፈረንሳይኛ እጅ ጽሑፍ ማንበብ የለመዳችሁ፣ ከምን ልጀምር? ኩሪ ሙዚየም መዛግብት የሠራችሁስ፣ ተማሪ ቀጠሮ የሚይዘው እንዴት ነው? ረቂቁን የማስረክበው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።