እናቴ ዳሌዋ ሊቀየር ነው፣ የወገብ ራጅ ለምን ታዘዘ?

ሊሊ አዲስ አበባ፦
ሰላም ቤተሰቦች እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ የግራ ዳሌዋ መገጣጠሚያ ተበልቶ አልቆ ሂፕ ሪፕሌስመንት ልትሰራ ቀጠሮ ይዘናል። ድሮ ወገቧን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ብሎን ገብቶላታል፣ እሱ አሁን አያማትም። ዶክተሩ ግን አንድ ቆማ አንድ ቁጭ ብላ ከጎን የሚነሳ የወገብና የዳሌ ራጅ አምጡ አለን፣ "የካፑን አንግል ለመወሰን" ነው ያለው፣ ወረፋ ስለነበር ብዙም አላብራራልንም። ወንድሜ ብር ለማስወጣት ነው ይላል። የሚያማት ዳሌዋ ሆኖ ሳለ ወገቧ ምን አገባው? ደሞ እሷ ቡና የምታፈላው ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ነው፣ ስግደትም አትተውም፣ ከተሰራ በኋላ ይወልቃል ሲባል ሰምተን ጨንቆናል።

ኦርቶ ሬዚደንት፦
እህቴ ራጁ የግድ ነው፣ እንደውም የሚያስብ ሐኪም ነው የገጠማችሁ። የሚገባው ዕቃ ሁለት ወገን አለው፣ ዳሌ አጥንቷ ላይ የሚቀመጠው ጎድጓዳ ካፕ አለ፣ ጭን አጥንቷ ውስጥ የሚገባው ስቴም ደሞ ጫፉ ላይ ኳስ አለው። ዋናው ጥያቄ ካፑ ወደ ጎን ስንት ዲግሪ ያጋድል ወደ ፊትስ ስንት ይዙር የሚለው ነው። በ1978 ሌዊኔክ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ያወጡት ሴፍ ዞን የምንለው ልክ አለ፣ ወደ ጎን 40 ወደ ፊት 15፣ ሁለቱም በ10 ከፍ ዝቅ ቢሉ ይቻላል የሚል። ዛሬም እንጠቀምበታለን ግን ብቻውን አይበቃም፣ የወለቀባቸው ሰዎች ሲታዩ ብዙዎቹ ካፓቸው እዛው ልክ ውስጥ ተገኝቷል። ልኩ የወጣው በጀርባ ተተኝቶ ከተነሳ ራጅ ነው፣ ሰው ደሞ ይቀመጣል ይነሳል ጎንበስ ይላል።

ወገቡ ደህና የሆነ ሰው ቁጭ ሲል ዳሌ አጥንቱ 20 ዲግሪም ከዛ በላይም ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ካፑም አብሮት ዞሮ ከፊት በኩል ለጭኑ ቦታ ይለቅለታል። የእናትሽ ወገብ በብሎን የተያዘ ስለሆነ ይሄ እንቅስቃሴ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ስትቀመጥ መታጠፉን በሙሉ የሚሸከመው አዲሱ መገጣጠሚያ ብቻ ይሆንና ጭኗ ከፊት ከካፑ ጠርዝ ጋር ይጋጫል፣ ኳሱም በኋላ በኩል ተፈንቅሎ ይወጣል። በቆመችበትና በተቀመጠችበት ራጅ መሀል የዳሌ አጥንቷ ማዘንበል ልዩነት 10 ዲግሪ ካልሞላ ወገቡ ደርቋል ማለት ነው፣ ስለዚህ የካፑን ወደ ፊት መዞር ትንሽ እንጨምርለታለን ወይ ዱዋል ሞቢሊቲ የሚባለውን በቀላሉ የማይወልቅ ዕቃ እናስባለን። የስቴሙም አዟዟር አብሮ ይደመራል፣ ካፑን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም።

ሰናይት ሜሪላንድ፦
የኔም አባት ወገቡ የታሰረ ነው፣ እዚህ ሲሰራ እንደዛው ቁሞም ቁጭ ብሎም ራጅ አንስተውታል እና አትስጊ። ዱዋል ሞቢሊቲ ነው የገባለት፣ ትንሹ ኳስ ትልቅ ፕላስቲክ ኳስ ውስጥ ይዞራል፣ ፕላስቲኩም ራሱ ካፑ ውስጥ ይዞራል፣ በቀላሉ አይወልቅም ብለው ነው የመረጡለት። እናንተጋ ይገኝ እንደሆነና ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በኦፕራሲዮኑ ቀን የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ሊሊ አዲስ አበባ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር፣ ሰኒዬ አንቺም። አንድ ዘመዳችን ደሞ ትልቁን ኳስ ይግባላት በሉ እያለን ነው፣ እውነት ነው?

ኦርቶ ሬዚደንት፦
በከፊል። 28፣ 32፣ 36 ሚሊሜትር አለ፣ ኳሱ ሲተልቅ ከካፑ ለመውጣት ብዙ መንገድ መሄድ ስላለበት ይከብደዋል። ግን የኳሱን ልክ የሚወስነው የካፑ ስፋት ነው፣ ካፑን ደሞ አጥንቷ ይወስነዋል። አንግሉ ከተበላሸ ትልቅ ኳስ አያድነውም።

ፊዚዮ ባህር ዳር፦
ሊሊዬ ስለ ዱካውና ስግደቱ እኔ ልመልስልሽ። መጀመሪያ ከፊት ነው ከኋላ የሚከፈተው ብላችሁ ጠይቁ፣ ጥንቃቄው ይለያያል። ከኋላ ከሆነ ዳሌዋን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማነባበር እና እግሯን ወደ ውስጥ ማዞር ክልክል ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ዋናው አደጋ፣ ለምሳሌ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ጎን ጎንበስ ብላ የወደቀ ስኒ ስታነሳ። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጅማትና ጡንቻው እስኪጠና ድረስ። ወንበር ስትመርጡላት ስትቀመጥ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ማለት የለበትም፣ ረከቦቱንም ምድጃውንም ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉላት፣ ቡናዋን ታፍላ። ሽንት ቤታችሁ የቁጢጥ ከሆነ መሀሉ ክፍት የሆነ ወንበር ከወዲሁ አሰሩ። ስትተኛ በእግሮቿ መሀል ትራስ።

ስግደቱን መሬት ድረስ አይሆንም፣ በተለይ ወገቧ ካልታጠፈ። ቆማ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ብትሰግድ ይበቃታል፣ የንስሐ አባቷ አሁኑኑ ቢያናግሯት ጥሩ ነው፣ እናቶች ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ነው የሚሰሙት። ይሄን ሁሉ አኗኗሯን ለሐኪሙ ንገሩት፣ እንዴት እንደምትቀመጥ ካላወቀ በምን ይወስናል?

ኦርቶ ሬዚደንት፦
ፊዚዮ ላይ አንድ ልጨምር። ድንገት ኃይለኛ ህመም ከመጣ፣ እግሯ አጥሮ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ መቆም ካቃታት ወልቋል ማለት ነው። ማንም እንዳይጎትተው፣ ወጌሻ ጋርም እንዳትወስዷት፣ እንዳለች አስተኝታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። ቶሎ ከደረሰች አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት በማደንዘዣ ይመለሳል።