«ዲቪ እጣ አይደለም» የምትሉ፣ እስቲ እንነጋገር

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዱ «ዲቪ እኮ እጣ አይደለም፣ ፎቶ አይተው ነው የሚመርጡት» አለ። ሌላው «ስም አይተው ነው» አለው። ሦስተኛው ኤምባሲ የሚሠራ ሰው ነገረኝ ብሎ ማለ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ዓለምን በስውር ከሚገዙት ሰዎች ጋ ደረስን።

ሰው ሞኝ ሆኖ አይመስለኝም። ሕይወትህን የሚወስን ነገር በማታየው ክፍል ሲያልቅና መልሱ «አልተመረጡም» ብቻ ሲሆን፣ ባዶውን ቦታ በሆነ ነገር መሙላትህ አይቀርም። አገር ቤትም ያደግነው እንደዚሁ ነው፤ ሬዲዮው ያልተናገረውን ጎረቤት ይነግርሃል፣ ሬዲዮው ከተናገረ ደግሞ «ከጀርባው ምን አለ?» ትላለህ። ሁልጊዜ ወርቁን ፍለጋ። አንዳንዱ ነገር ግን ሰም ብቻ ነው።

በፈረንጆች የ2011ዱን ዲቪ ታስታውሳላችሁ? ሜይ ላይ 22 ሺህ ያህል ሰው ደረሰህ ተባለና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ። ኮምፒውተሩ 90 በመቶ የሚሆኑትን የመረጠው ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካመለከቱት ነበር፣ ሕጉ ደግሞ እጣው ለሁሉም እኩል ይሁን ይላል። ስህተቱን የተናገረው ራሱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ነው። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ «ሐበሻ ስለበዛባቸው ነው» ትላለች።

ደግሞ በየዓመቱ ካለው ቪዛ በላይ ሰው ይመርጣሉ። ቪዛው ቢበዛ 55 ሺህ ነው፣ ሴፕቴምበር 30 ሲያልፍ አለቀ። ተራው ያልደረሰ ሰው «ደርሶኝ ከለከሉኝ» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ጥርጣሬ ሁሉ ቅዠት ነው ከምትሉት ጋርም አልስማማም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ይጣል ነበር፤ በፈረንጆች 1996 ጋዜጣ ሲያወጣው በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በፊት አንዱ ቢያወራው ኖሮ እኔ ራሴ አላምነውም ነበር። ግን ያኛው ማስረጃ ወጣለት፣ ኮሚሽን ተቋቋመለት። የለቅሶ ቤቱን ሰውዬ ማስረጃህ የታለ ስትለው «የጠፋው እኮ ስለደበቁት ነው» ይልሃል። እዚህ ጋ ስኒዬን አስቀምጣለሁ።

እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ውስጥ ሆኖ የሚመርጥ ሰው አለ ብለህ ካመንክ፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚል ደላላ ኪስህን መክፈትህ አይቀርም። የአክስቴ ልጅ 40 ሺህ ብር ከፈለ። ደላላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ አያነሳም። አክስቴን «ተበላችሁ እኮ» ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ምስኪን፣ ደርሰውበት ይሆናል።»