አንድ ቴሌስኮፕ ለመቶ ሰው፦ በገጠር ሰማይ ለማሳየት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። መብራት ባልገባበት መንደር ለ100 ሰው ያህል የሌሊት ሰማይ ልናሳይ ነው። ያለን የመስታወቱ ስፋት 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶብሶኒያን (በእጅ የሚዞር ባለ መስታወት) ቴሌስኮፕ (የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር)፣ ከ25 እና ከ10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች ጋር ነው። የትኛው ምሽት ይሻላል? ሰልፉንስ እንዴት እናስተናግድ?

መልስ 1፦
ጨረቃ ከተወለደች ከ5 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ አድርጉት። በብርሃኑና በጨለማው ወሰን ላይ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዶቹ ጎልተው ይታያሉ። ሙሉ ጨረቃ ጥላ የላትም፤ ከዋክብቱንም ታደበዝዛለች።

ለሰልፉ ባለ 25ቱን ሌንስ ተጠቀሙ። 48 ጊዜ (1200 ሲካፈል ለ25) ያጎላል፤ የሳተርን ቀለበትም በዚህ ይለያል። በባለ 10ሩ (120 ጊዜ) ግን ምድር ስለምትሽከረከር ፕላኔቷ ከመሃል ተነስታ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከእይታ ትወጣለች። ተረኛው ባዶ ሰማይ አይቶ፣ አፍሮ «አየሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ይህ ያሳዝናል። በየሁለት ሰዉ አስተካክሉ፤ ያየውንም እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

መልስ 2፦
ኮረኮንች መንገድ መስታወቶቹን ከመስመር ያወጣል፤ ሳይመሽ ደርሳችሁ አስተካክሏቸው። ቴሌስኮፑን ከአንድ ሰዓት በፊት ውጭ አውጡት፤ ያልቀዘቀዘ መስታወት ምስሉን ያርገበግበዋል። ልጆች ሚዛን ሲያጡ ቱቦውን ስለሚይዙ መደገፊያ ያለው ወንበር አጠገቡ አቁሙ። የእጅ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኑ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የአንድ ስልክ ብርሃን ያን ሁሉ ያጠፋዋል።

መልስ 3፦
ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብትሰጡ እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ሌላ አስረጂ ተጠባባቂዎቹን በባዶ ዓይን ከዋክብት ያሳያቸው፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቋቸውን ስሞችም ይጠይቅ።